የቱ አንቲቫይረስ ይሻላል? በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ አወዳድሩት

ከወር በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኳች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሰኞ የምታስረክበውን ጽሑፍ ልታሳትም አስፋልቱ ዳር ካለ ፕሪንት ቤት ሄዳ ነበር። ስትመለስ ፍላሿ ውስጥ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። እያንዳንዱ ፎልደር ጥግ ላይ ያቺ ትንሽ ቀስት ተለጥፋለች።

«ጋሼ፣ ፋይሌ ሁሉ ጠፋ» አለችኝ። እንባዋ ሊመጣ ነው።

«አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። ላፕቶፑንም አምጪው እስቲ።»

ፋይሎቹ እውነትም ነበሩ። እንዴት እንደወጡ በኋላ እነግራችኋለሁ። እኔን የገረመኝ ላፕቶፑ ነው። አንቲቫይረስ አለው። ያውም ሁለት። አንዱ የሙከራ ጊዜው ካለፈ ስምንት ወር ሆኖታል። ሌላው ከተጫነ ጀምሮ አፕዴት ተደርጎ አያውቅም። ሁለቱም ታች ሰዓቱ አጠገብ ቁጭ ብለዋል። ፍላሹ ሲገባ ግን አንዳቸውም «ማነህ?» አላሉትም።

በማግስቱ ቡና ላይ እናቷ «እና የቱን እናስጭንላት?» አሉኝ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠይቀው፤ አንድ ስም ይፈልጋል። ስም መጥራት ቀላል ነበር። ችግሩ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በስልክ ሆትስፖት የሚኖር ባለ 4 ጊጋ ራም ላፕቶፕና ቀኑን ሙሉ ዋይፋይ የማይለየው አዲስ ኮምፒውተር አንድ መልስ የላቸውም። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ወስደን አወዳደርን። አካሄዱን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ዊንዶውስ ላለው ለማንኛውም የቤት ኮምፒውተር ይሠራል።

1. መጀመሪያ ያላችሁን እወቁ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ስታርት ላይ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ። «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ስትገቡ አሁን ኮምፒውተሩን እየጠበቀ ያለው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ይታያል። ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ጋ ራሙ ስንት ጊጋ እንደሆነ፣ ዲስኩም ኤችዲዲ (የሚሽከረከረው) ይሁን ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው) ታገኛላችሁ። ሁለቱንም ጻፉ።

ዲስኩ ምን አገባው እንዳትሉ። አንቲቫይረስ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ቀድሞ የሚፈትሽ ዘበኛ ነው። ለመፈተሽ ማንበብ አለበት። ኤስኤስዲ ላይ ይሄ ብዙም አይታወቅም። በሚሽከረከረው ኤችዲዲ ላይ ግን አንባቢው ክንድ ከቦታ ቦታ እየተመላለሰ ነው ፋይሉን የሚፈልገው። ራሙ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ የሞላበትን ወደዚያው ዲስክ ይገለብጣል። ወረፋው ይረዝማል። አንዱ ቤት «ላባ ነው» የተባለ አንቲቫይረስ ሌላው ቤት ላፕቶፑን የሚያንበረክከው ለዚህ ነው።

የዊንዶውሱንም ዕድሜ ጻፉ። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። የዊንዶውስ 10 ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ለዊንዶውስ 10 የቤት ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 2026 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት አለ፤ ግን መመዝገብ ይጠይቃል። ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣውን አንቲቫይረስ፣ የዲፌንደርን፣ የቫይረስ መለያ ግን ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 10 ላይም እስከ 2028 እልካለሁ ብሏል። ሁለቱን አታምታቱ። የቫይረስ መለያው ሌባውን በመልኩ ለማወቅ ነው። የዊንዶውስ አፕዴቱ የተሰበረውን መስኮት ለመጠገን ነው። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በሜይ 2017 ከ150 በላይ አገሮች ሲያዳርስ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ያላደረገው ሰው ነው የተመታው። እና ዊንዶውስ 7 ላይ ሆናችሁ የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል የምትሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ዊንዶውሱን ቀይሩ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ ልምጣ። እኛ ሰፈር አብዛኛው ላፕቶፕ ያገለገለ ነው፤ ዊንዶውሱንም ሱቅ ነው የሚያስጭኑት። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ስትከፍቱ «ይህ ሴቲንግ በድርጅታችሁ አስተዳዳሪ ነው የሚመራው» የሚል የእንግሊዝኛ መልዕክት ካያችሁ ቆም በሉ። ድርጅት? ሳሎን ውስጥ ምን ድርጅት አለ? ላፕቶፑ ቀድሞ የመሥሪያ ቤት ንብረት ካልነበረ፣ ይሄ መልዕክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፈል የሚያስከፍት) ሲጫን ዲፌንደርን ሆን ብሎ ያጠፋ ሰው ሲኖር ነው። እኔ ራሴ ከአንድ ሱቅ ያስጫንኩት ኮምፒውተር እንዲህ ሆኖ ነው የመጣልኝ፤ ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው።

«ኤክስክሉዥንስ» የሚለውንም ክፈቱ። እዚያ የተዘረዘረ ፎልደር አንቲቫይረሱ እያየ እንዳላየ እንዲያልፈው የታዘዘበት ነው። የልጅቷ ላፕቶፕ ላይ የተዘረዘረው ምን መሰላችሁ? ሲ ድራይቭ። ሙሉው። ዘበኛ ቀጥሮ በሩን ብቻ እንዳታይ እንደማለት ነው። እንዲህ ካገኛችሁ ዝርዝሩን አጥፉ። «በድርጅት የሚመራ» የሚለው መልዕክት ካልጠፋ ግን ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ነው የሚሻለው። በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ አንቲቫይረስ ማወዳደር ድካም ነው።

2. ሁለት ካለ አንዱን አውጡ

ሁለት አንቲቫይረስ ሁለት እጥፍ ጥበቃ አይሰጥም። ሁለቱም አንዱን ፋይል እኩል ሊፈትሹ ይሻማሉ፤ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም አንዱ የሌላውን ሥራ ቫይረስ ነው ብሎ ይይዛል። ዲፌንደር ጨዋ ነው፤ ሌላ ሲጫን ራሱ ዞር ይላል። ሌሎቹ ግን እንዲህ አይደሉም።

ችግሩ ዞር ካለ በኋላ ነው። ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር የመጣው የሙከራ ፕሮግራም ጊዜው አልፎ ወንበሩን ሳይለቅ ከቆየ፣ ጥበቃችሁ በስም ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከሴቲንግ «አፕስ» ገብታችሁ አውጡት። ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ከቀረ፣ ትልልቆቹ አምራቾች ሁሉ የራሳቸውን ምርት ነቅሎ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ድረ ገጻቸው ላይ አላቸው። ከሌላ ቦታ አታውርዱት። ከዚያ ሪስታርት አድርጉና ዲፌንደር መመለሱን አረጋግጡ።

3. የፈተና ውጤት አነባበብ

«ምርጥ 10 አንቲቫይረስ» የሚሉትን ገጾች ዝለሏቸው። ብዙዎቹ በጠቆሙት ልክ ኮሚሽን የሚያገኙ ደላሎች ናቸው። ቤት ሲከራይ ደላላን እንዴት እንደምትሰሙት ታውቃላችሁ፤ እነሱንም እንደዚያው ስሟቸው።

ሥራዬ ብለው የሚፈትኑ ቤተ ሙከራዎች አሉ። አንዱ ጀርመን አገር ማግደቡርግ ያለው ኤቪ-ቴስት ነው። ለጥበቃ 6፣ ለፍጥነት 6፣ ለአጠቃቀም 6 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ 18። ሌላው ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ያለው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ ነው። የሁለቱም ውጤት በነፃ ይነበባል።

የኤቪ-ቴስትን ሰንጠረዥ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት ነገር ያናድዳል፤ ሁሉም ጎበዝ ነው። ዲፌንደርም፣ ካስፐርስኪም፣ ቢትዲፌንደርም፣ አቫስትም 18 ወይም እሱን ተጠግቶ ይታያል። በግማሽ ነጥብ አትጨቃጨቁ። በአንድ ዙር የበለጠው በሚቀጥለው ይበለጣል። የሚጠቅማችሁ ከላይ አንደኛ ማን ወጣ የሚለው አይደለም፤ ደጋግሞ ወደ ታች የሚወርድ ካለ እሱን መጣል ነው።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ያለው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ ጋ ነው። በማልዌር (ቫይረስና መሰል ጎጂ ፕሮግራም) ጥበቃ ፈተናው ላይ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ያወጣል፦ ኢንተርኔት ሲኖር ስንት ያዘ፣ ኢንተርኔት ሳይኖር ስንት ያዘ። የዛሬ አንቲቫይረስ ብዙው ዕውቀቱ ያለው ሰርቨር ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚያገኘው የአምራቹ ኮምፒውተር ላይ ነው። የተጠራጠረውን ፋይል ምልክት ይልክና «ይሄን ታውቀዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። መስመር ከሌለ የሚጠይቀው የለም። አንዳንዶቹ ሁለቱ ቁጥሮቻቸው ይቀራረባሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ኢንተርኔት ሲጠፋ በጣም ይወርዳሉ። ዲፌንደር ከሚወርዱት ወገን ነው። ቢትዲፌንደርና አቫስት ያለ መስመርም ብዙ አይንገዳገዱም።

ውጭ አገር ያለ ሰው ይሄን ዓምድ ላያየውም ይችላል፤ ኮምፒውተሩ መቼ ከኢንተርኔት ተለይቶ ያውቃል? እኛ ግን ሆትስፖት የምንከፍተው ስንፈልግ ነው። ፍላሽ የምንሰካው ደግሞ ሁልጊዜ ነው። ቫይረሱ በፍላሽ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ መስመር በሌለበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ወረቀታችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ይሄን ቁጥር ጻፉ።

ሌላ አንድ ዓምድ፦ ስህተት ማንቂያ። ጤነኛውን ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ስንት ጊዜ እንደጮኸ ያሳያል። ቀላል አይምሰላችሁ። በየቀኑ በከንቱ የሚጮህ አንቲቫይረስ ሰውየውን «እሺ፣ ፍቀድ» ብሎ መጫን ያለማምደዋል።

4. ለውድድር የሚቀርቡት

ብዙ አትሰብስቡ። ሦስት ይበቃል። ስለ እያንዳንዳቸው የማውቀውን በአጭሩ ልበል።

ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ከ2012 ማለት ነው፣ ከዊንዶውሱ ጋር ይመጣል። ነፃ ነው፣ ግዙኝ ብሎ አይነዘንዝም፣ ጊዜው አያልፍም። ድክመቱን ከላይ ነገርኳችሁ። አሮጌ ኤችዲዲ ላይ ስካን ሲጀምር ደግሞ ታስክ ማኔጀር ውስጥ «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤግዘኪዩተብል» የሚባለው ከላይ ወጥቶ ማሽኑን ሲያስጨንቅ ታዩታላችሁ። ቫይረስ መስሎት የሚደነግጥ ሰው አለ፤ ዲፌንደር ራሱ ነው።

ቢትዲፌንደር የሩማንያ ነው። ነፃውም በፈተና ጠንካራ ነው። አካውንት መክፈት ግን ይጠይቃል።

አቫስትና ኤቪጂ ተቀናቃኝ ይመስላሉ፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ከቼክ አገር ናቸው፤ አቫስት ኤቪጂን የገዛው በ2016 ነው። ዛሬ ኖርተንና አቪራም ጭምር ጄን ዲጂታል በሚባል አንድ ኩባንያ ሥር ናቸው። ስለዚህ አቫስትን ከኤቪጂ ማወዳደር ጊዜ ማባከን ነው፤ አንዱን ያዙ። አንድ ነገር ግን እወቁ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2024 አቫስትን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል፤ ምክንያቱ የተጠቃሚዎችን የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ መሸጡ ነው። ሽያጩን ሲሠራ የነበረው ክፍል በ2020 ተዘግቷል። አቫስትን ከጫናችሁ ሴቲንጉ ውስጥ ግላዊነትን የሚመለከተውን ገጽ ገብታችሁ መረጃ ማጋራቱን አጥፉት።

ካስፐርስኪ እዚህ አገር የታወቀ ስም ነው። በፈተና ውጤቱ ከላይ ከሚቀመጡት ነው፤ ነፃ ዓይነትም አለው። ኩባንያው የሩሲያ በመሆኑ አሜሪካ ሽያጩንም አፕዴቱንም በ2024 ከልክላለች። ኩባንያው ስጋቱ መሠረት የለውም ይላል። እዚህ አልተከለከለም፤ ውሳኔው የእናንተ ነው።

ኤሴት የስሎቫኪያ ነው፤ አሮጌ ማሽን ላይ ቀላል በመሆኑ ይወደዳል። ግን በገንዘብ ነው።

ማልዌርባይትስ ነፃው ስታዙት ብቻ ነው የሚፈትሸው፤ በሩ ላይ አይቆምም። ለሁለተኛ አስተያየት ጥሩ ነው፤ ለዋና ዘበኝነት አይሆንም። ስማዳቭም እንደዚያው። የኢንዶኔዥያ ሥራ ነው፤ በፍላሽ ቫይረስ ስሙ የወጣ ነው፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከሌላ ጋር ተደርቦ እንዲሠራ ነው ያዘጋጀነው ይላሉ። ብዙ ሰው ግን ስማዳቭን ብቻ ጭኖ ተኝቷል።

5. ዋጋው፦ ብርና ሜጋባይት

ገንዘብ የሚከፈልባቸውን ስታዩ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ላይ አትቁሙ። ትልቁ ቅናሽ ለመጀመሪያው ዓመት ነው። በሁለተኛው ዓመት ዋጋው ብዙ ጊዜ በጣም ይዘላል፤ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ክፍያው በዶላር ነው፤ ውጭ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል። «ቁልፉን በርካሽ እሸጥልሃለሁ» የሚል ቴሌግራም ላይ ሞልቷል። አንዱን ቁልፍ ለብዙ ሰው ስለሚሸጡት ከጥቂት ወር በኋላ ይዘጋል፤ ገንዘባችሁን የሚመልስም የለም።

የአንቲቫይረስ ክራክ ደግሞ እንኳን ልትጭኑት እንዳታወርዱት። መመሪያው ሁልጊዜ የሚጀምረው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» በሚል ነው። ሌባ «ውሻውን እሰሩልኝ» ሲል የምትከፍቱለት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ስቶፕ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዋናነት የተሰራጨው በክራክ ነው። የቤት ሰው ላይ ነው ያነጣጠረው። ፎቶውንም ሰነዱንም ይቆልፍና 980 ዶላር ይጠይቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈላችሁ ግማሹን። ደግነቱ!

ሜጋባይቱም ዋጋ ነው። ከድረ ገጹ የምታወርዱት ፋይል ትንሽ ቢሆን አትደሰቱ፤ ስትከፍቱት ቀሪውን ከኢንተርኔት የሚጎትት ነው። ፓኬጅ ካላችሁ ሙሉውን፣ ማለትም «ኦፍላይን ኢንስቶለር» የሚባለውን ፈልጉና ዋይፋይ ካለበት ቦታ አውርዱት። ከጫናችሁ በኋላ በሳምንት ስንት እንደሚበላ ለማወቅ ሴቲንግ ውስጥ «ኔትዎርክ» ገብታችሁ «ዳታ ዩሴጅ» የሚለውን እዩ። በየፕሮግራሙ ዘርዝሮ ያስቀምጠዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። ዳታ ለመቆጠብ ብለን ሆትስፖቱን «ሜተርድ ኮኔክሽን» እናደርገዋለን። ጥሩ ነው። ግን የዲፌንደር አፕዴትም አብሮ ሊዘገይ ይችላል። ይህን ካደረጋችሁ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ገብታችሁ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» የሚለውን በእጃችሁ ተጫኑ።

ጭራሽ ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተርም መላ አለ። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ እንደ አንድ ፋይል ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል። ባለ 64 ቢት ወይም ባለ 32 ቢት የሚለውን ለይታችሁ ሌላ ቦታ አውርዱት፣ ቤት ወስዳችሁ ሁለቴ ክሊክ አድርጉት። አለቀ። ምንም የሚከፈት መስኮት የለም፤ ዝም ብሎ ይሠራል። መሥራቱን በአፕዴቱ ቀን ታረጋግጣላችሁ።

6. የቤት ውስጥ ውድድሩ

የላብራቶሪው ቁጥር በእነሱ ኮምፒውተር ላይ የተገኘ ነው። አሁን በእናንተው ላይ። ከመጀመራችሁ በፊት አስፈላጊ ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ።

ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት ስጡት። ሁልጊዜ አንድ ብቻ ይሁን የተጫነው። የስልካችሁን ሰዓት መቁጠሪያ አዘጋጁና ሦስት ነገር ለኩ። አንደኛ፣ ላፕቶፑ ከተከፈተ እስከ ብራውዘሩ መጀመሪያ ገጽ ድረስ። ሁለተኛ፣ ብዙ ትንንሽ ፋይል ያለበትን አንድ ፎልደር ከቦታ ቦታ መገልበጥ። ፎቶ የሞላበት ይሁን፤ አንድ ትልቅ ፊልም ምንም አያሳያችሁም፤ ምክንያቱም ዘበኛው የሚደክመው በፋይሉ ብዛት ነው። ሦስተኛ፣ ዘወትር የምትጠቀሙበትን ከባድ ፋይል መክፈት። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ለኩና መካከለኛውን ያዙ። የተጫነ ዕለት አትለኩ፤ ያን ቀን ሁሉንም ፋይል እየተዋወቀ ስለሆነ ከልክ በላይ ይንቀራፈፋል።

ነቅቶ መሆኑን ደግሞ በኤይካር ፋይል ፈትኑት። ኤይካር 68 ፊደልና ምልክት ያላት አጭር ጽሑፍ ናት። ቫይረስ አይደለችም፤ ማንንም አትጎዳም። አምራቾቹ ሁሉ «ይህችን ስናይ እንጮሃለን» ብለው የተስማሙባት ናት። ከኤይካር ድርጅት ድረ ገጽ አውርዷት። ወዲያው ከጮኸ ነቅቷል። ፀጥ ካለ ጠፍቷል ወይም ታስሯል። ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፉና በፍላሽ ይዛችሁ ሞክሩ። ልጅቷ ላፕቶፕ ላይ ያሉት ሁለቱ ፕሮግራሞች ኤይካርን አሳልፈዋት ነበር። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ጊዜ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ሌላው የምትጽፉት ስንት ጊዜ እንደነዘነዛችሁ ነው። «ኮምፒውተርህ ቀርፋፋ ነው፣ 214 ችግር አግኝተናል፣ ለማስተካከል ክፈል» የሚል መስኮት በወጣ ቁጥር አንድ ጭረት ጭረቱ። ከተወዳደሩት አንዱ፣ ስሙን ልተወው፣ በአራት ቀን 11 ጭረት ሰበሰበ። በፍጥነት አልተሸነፈም። ልጅቷ ግን «ይሄን ነገር አስወጣልኝ» አለች፤ ተሸነፈ። ሰው የሚጠላውን አንቲቫይረስ አንድ ቀን ማጥፋቱ አይቀርም።

ሙሉ ስካን የምታደርጉት ማታ ይሁን፤ ኤችዲዲ ላይ ሰዓታት ይወስዳል። ቻርጀሩን ሰክታችሁ፣ ባትሪውም ሞልቶ። መብራት በመሃል ቢሄድ እንኳን ባትሪው ይጨርሰዋል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ ግን «ክዊክ ስካን» ይበቃችኋል፤ ቫይረስ ብዙ ጊዜ የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች ነው የሚያየው። ተይዟል ብላችሁ የምትጠረጥሩት ማሽን ላይ ደግሞ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ ያለውን የዲፌንደር ኦፍላይን ስካን ተጠቀሙ። ላፕቶፑ ይጠፋና ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ነው። ቫይረሱ ገና ሳይነቃ ነው የሚያዘው።

7. ፍላሹ

የቱንም ብትመርጡ እኛ ሰፈር ጦርነቱ ያለው ፍላሽ ላይ ነው። መጀመሪያ የተደበቀ ፋይል አወጣጡን ልንገራችሁ።

ቫይረሱ ፎልደሮቹን ይደብቃል፤ በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶች ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትጫኑ ፎልደሩም ይከፈታል፣ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ አትጫኑት። ፍላሹን አፕዴት የሆነ አንቲቫይረስ ባለው ማሽን ላይ ስካን አድርጉ። ከዚያ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው» ገብታችሁ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን አብሩ። አሁንም ካልታዩ «ኦፕሽንስ» ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሱ። ፎልደሮቹ ፈዘዝ ብለው ይወጣሉ። አንዳንዴ ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቀው ታገኟቸዋላችሁ። የምትፈልጉትን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ፣ መልሳችሁ ጫኑ። ምልክቱንም ወደ ቦታው መልሱ።

ሁለት ማስተካከያ ደግሞ አሁኑኑ፦ ሴቲንግ ውስጥ «ኦቶፕሌይ»ን አጥፉ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን አብሩ። በቴሌግራም የመጣ «የፈተና መልስ» ሰነድ ይሁን ፕሮግራም የምታውቁት በስሙ መጨረሻ ነው።

የዲፌንደር ሙሉ ስካን በተለምዶ ፍላሽን አይጨምርም። ስለዚህ ፍላሽ በገባ ቁጥር ላዩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ስካን በሉት። ዊንዶውስ 11 ላይ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ዲፌንደርን ከመረጣችሁ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ሆትስፖት መጀመሪያ፣ ፍላሽ ቀጥሎ፣ ስካን ከዚያ። ዳታው ትንሽ ነው የሚሄደው፤ ሰርቨሩን የሚጠይቅበት መስመር ግን ያገኛል።

ፕሪንት ቤት ስትሄዱ ከተቻለ ፍላሽ አትያዙ። ጽሑፉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በቴሌግራም ለፕሪንት ቤቱ ላኩለት። የግድ ፍላሽ ከሆነ ለፕሪንት ብቻ የሚሆን አንድ ፍላሽ ለዩ፤ የሚታተመው ብቻ ይኑርበት። የመመረቂያ ጽሑፍ ብቸኛ ቅጂ ፍላሽ ላይ ተሸክሞ ታክሲ የሚሳፈር ሰው አይቻለሁ። እንኳን ቫይረስ፣ ኪስ አውላቂም አለ።

የእኛ ውድድር እንዴት አለቀ? ልጅቷ ላፕቶፕ ላይ ያሸነፈው ዲፌንደር ነው። 4 ጊጋ ራም ላይ ከቀረቡት ሦስቱ ቀላሉ እሱ ሆነ፣ ጭረቱም ዜሮ ነው፤ ሆትስፖት የመክፈቷን ነገር ደግሞ ለምዳዋለች። እኔ ቤት ያለው ዴስክቶፕ ግን ልጆቹ ጌም የሚጫወቱበት፣ የጓደኛ ፍላሽ የሚመላለስበት፣ ኢንተርኔት በሳምንት አንዴ የሚያይ ነው። እሱ ላይ ያለ መስመር ቁጥሩ የተሻለውን ቢትዲፌንደርን ነው የጫንኩት።

ውጤቱን ለእናቷ ስነግራቸው ስኒውን እያስቀመጡ «ስንት ብር ነው?» አሉ።

«ነፃ ነው፤ ድሮም ላፕቶፑ ውስጥ ነበረ።»

«ታዲያ አንተ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምክ?»